ከድንኳን ደጅ ጥሩ ቡና ለማፍላት

መንገድ ስወጣ ከልብስ በፊት የምሸክፈው የእጅ ቡና መፍጫዬን ነው። ተፈጭቶ የተያዘ ቡና ቶሎ መዓዛው ይጠፋል፤ የተቆላ ፍሬ ግን አየር በማያስገባ ዕቃ ከተያዘ ሳምንትም አይጎዳው።

ልኩ ለ240 ሚሊ ሊትር ውሃ 15 ግራም ቡና ነው። ሚዛን ተሸክሞ መዞር ምን ያደርጋል? ቤት እያላችሁ መዝናችሁ በትንንሽ ላስቲክ ቋጥሩት።

ማጣሪያ ከሌለ ድስት ይበቃል፤ እንዲያውም እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ቡናውን ሸከር አድርጋችሁ ፍጩ። ውሃው ሲንተከተክ አውርዱና ግማሽ ደቂቃ አቆዩት። ቡናውን ጨምራችሁ አንዴ አማስሉ፣ ክደኑ፣ 4 ደቂቃ ጠብቁ። ስትከፍቱት ላዩ ላይ ወፍራም ቅርፊት ሠርቶ ይጠብቃችኋል፤ በማንኪያ ጀርባ ነካ ነካ ስታደርጉት ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ሳትቸኩሉ ቅዱ፤ የመጨረሻዋን ጉንጭ ለአተላው ተዉለት።

ተራራ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የውሃ መፍያ ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ 3000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ እዚያ ውሃውን ማቆየት የለም፤ እንደፈላ ቡናውን ጨምሩ። አፈጫጨቱን ትንሽ አድቅቁ፣ አንድ ደቂቃም ጨምሩለት።

ንፋስ ጋዝ ይጨርሳል፤ ምድጃውን በአንድ በኩል በድንጋይ ከልሉት። ብርዱ ቢበረታም ድንኳን ውስጥ አታፍሉ፤ ከምድጃው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። አተላውን ወንዝ ውስጥ አትድፉ፤ ቡናው በመጣበት ላስቲክ ቋጥራችሁ መልሱት።