ከሚበልጣችሁ ጋር ራፒድ (ፈጣን ቼዝ) ስትጫወቱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ቼዝ በተዘረጋበት ሁሉ እኩል የሚገጥም የለም። በኢሎ (የተጫዋቾች ብቃት መለኪያ ነጥብ) ስሌት የ400 ነጥብ ልዩነት ካለ፣ ከ10 ጨዋታ 9 ነጥብ ገደማ የሚወስደው ጠንካራው ነው። የቀረችውን ነጥብ ግን ደካማው ብዙ ጊዜ ራሱ ይጥላታል።

አንደኛውና ከባዱ፦ ሁሉንም መበላላት። «ሰሌዳው ይቅለልልኝ እንጂ አቻ እወጣለሁ» ይባላል። ልዩነቱ ወለል ብሎ የሚታየው ግን ጥቂት ሲቀር ነው። የነጭ ንጉሥ ኢ5 (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይነግራል)፣ ወታደሩ ኢ6፣ የጥቁር ንጉሥ ደግሞ ኢ7 ላይ ናቸው እንበል። ነጭ ንጉሡን ዲ5 ላይ ሲያወጣ ጥቁር ቀጥ ብሎ ወደ ኢ8 ካፈገፈገ አቻ ነው፤ ወደ ዲ8 ወይም ኤፍ8 ካዘመመ ግን ወታደሩ መጨረሻው ረድፍ ደርሶ ንግሥት ይሆናል። ጠንካራው ይህን ሳያስብ ያውቀዋል፤ እናንተ ግን በቀረቻችሁ 20 ሰከንድ ልታሰሉት ነው። መለዋወጥ የሚያዋጣው በቁጥር ስትበልጡ ነው።

ሁለተኛው በእሱ ፍጥነት መሮጥ። የድሮው የአገራችን ቼዝ፣ የሰንጠረዥ፣ ወረራ መሰላችሁ እንዴ፣ የመጀመሪያው እስኪበላ ተራ ሳይጠበቅ የሚጋለብበት? በ15 ደቂቃና በየእርምጃው በሚጨመር 10 ሰከንድ ስትጫወቱ፣ እሱ ቶሎ የሚመልሰው መክፈቻውን ስለሚያውቀው ነው። በመጀመሪያው 10 እርምጃ ደቂቃዎች ብታጠፉ አይቆጭም። የሚቆጨው ንግሥታችሁ የምትበላበትን እርምጃ በሁለት ሰከንድ መጫወት ነው።

በ4 እርምጃ ማት ለማድረግ (ንጉሡን ማምለጫ አሳጥቶ ለማሸነፍ) ከጥቁር ንጉሥ አጠገብ ያለውን ኤፍ7ን በንግሥት ማነጣጠርም ከንቱ ነው። ወታደር ጂ6 ላይ ወጥቶ ንግሥቷ ስትባረር ትርፉ የባከነ ጊዜ ነው።

ይሉኝታ ደግሞ የእኛው ጣጣ ነው። ጋሼ ፈረሱን ነክተው «ቆይ፣ ልመልሳት» ሲሉ ወጣቱ «ይሁን ጋሼ» ይላል። ለሻይ ጨዋታ ይሁን። በውድድር ግን የነኩትን መጫወት ግዴታ ነው፤ ሰዓቱም ጠጠሩ በተነሳበት እጅ ነው የሚመታው። ክብሩን ከጨዋታው በኋላ ስጧቸው።

ለጠንካራውም አንድ ነገር፦ እያሸነፉ መቸኮል። የተጋጣሚው ንጉሥ ብቻውን ኤ8 ላይ ሲቀር ንግሥትን ቢ6 ላይ ማስቀመጥ መውጫውን ሁሉ ይዘጋል፣ ኪሽ (ንጉሡን በቀጥታ ማጥቃት) ግን አይደለም። ጨዋታው በአቻ ያልቃል። የራሳችሁ ንጉሥ እስኪደርስ ለተጋጣሚው ንጉሥ አንዲት ማረፊያ ተዉለት።