የታደሰ የመሪ ራክ ከመገጠሙ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለፔጆ 404 ወይም ለ504 የሚሆን የመሪ ራክ ፍለጋ ሶማሌ ተራን ከሱቅ ሱቅ ሲያካልሉ የሚውሉ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች፣ ዕቃው የተገኘ ዕለት ቶሎ አስገጥመው መንዳት ቢያምራቸው አያስደንቅም። ሆኖም «ታድሷል» ተብሎ የሚሸጥ ራክ ምኑ እንደተለወጠና ምኑ እንደተተወ ከውጭ ሲታይ አይታወቅም፤ ሞርሳ (ዕቃ ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ታስሮ በግማሽ ሰዓት ሊደረስበት የሚችል ጉድለት ከተገጠመ በኋላ ራሱን የሚገልጠው መንገድ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በራክ የሚሠራ መሪን ብቻ ነው፤ ይኸውም መሪው ሲዞር ፒኞኑ (አብሮት የሚዞረው ትንሽ ጥርሳም ዘንግ) ጥርስ የወጣለትን ረጅም ዘንግ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚገፋበትን ዓይነት ማለት ነው። ላዳም ሆነ አብዛኛው ቮልስ የሚጠቀመው የመሪ ሳጥን ስለሆነ ምርመራው ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት አሮጌውን ራክ ሳያመሳክሩ ማስረከብ ነው። በቅያሪ ሲገዛ ሻጩ አሮጌውን ወዲያው መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ገዢው ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝቶ የቱቦውን ርዝመት፣ ከሻሲው ጋር የሚታሰርባቸውን ቦታዎች ርቀት፣ በፒኞኑ ጫፍ ያሉትን ቀጫጭን ጥርሶች ብዛት እንዲሁም ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዞርበትን ዙር ሳያነጻጽር አሮጌውን መስጠት የለበትም። ዙሩ ከተለየ፣ መልኩ ምንም ያህል ቢመሳሰል የሌላ ሞዴል ራክ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የመሪውን ጎን አለመጠየቅ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የመኪና ጉዞን ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ስላዛወረች የአገራችን መኪኖች መሪያቸው በግራ በኩል ነው፤ ኬንያና እንግሊዝ ግን ዛሬም በግራ መስመር ይነዳሉ። የፔጆ ዕቃ ፈላጊ ናይሮቢን ማሰቡ ተገቢ ነው (404 በሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈው እዚያው ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ነውና)፣ ነገር ግን ከዚያ የሚመጣው ራክ ፒኞኑ በቀኝ ጫፍ የሆነ ሊሆን ይችላል። «አዙረን እንገጥመዋለን» የሚል መካኒክ ቢኖር አለመስማት ይሻላል፤ ፊቱ ወደ ኋላ የዞረ ራክ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ጎማዎቹን ወደ ግራ ይወስዳቸዋል።

ከሁሉም የከፋው፣ ስለዚህም ሰፋ አድርጎ ማየት የሚገባው፣ ራኩን መሐል ላይ ብቻ ሞክሮ «ክፍተት የለውም» ብሎ መቀበል ነው። መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቀጥ ብሎ በመሆኑ የራኩ ጥርሶች ይበልጥ የሚበሉት መሐሉ ላይ ነው፤ ወደ ጫፎቹ ያሉት ብዙም አይነኩም። ዘንጉን ከጀርባው ወደ ፒኞኑ የሚገፋ፣ በሞሎና በስስ ቆርቆሮዎች ወይም በቡሎን የሚስተካከል ድጋፍ አለ። የተበላውን ዘንግ መለወጥ ወጪ ያስከትላል፤ ድጋፉን አጥብቆ የመሐሉን ክፍተት ማጥፋት ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። በዚህ መንገድ «የታደሰ» ራክ መሐል ላይ እንደ አዲስ ይሆናል፣ ጥርሱ ወዳልተበላበት ጫፍ ሲደርስ ግን ይይዛል። እንዲህ ያለ ራክ የተገጠመለት መኪና ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወርድ ጠበቅ ባለ መታጠፊያ መሪው ይከብደዋል፤ መታጠፊያውን ከጨረሰ በኋላም መሪው በራሱ ወደ መሐል አይመለስም።

ይህን ለማወቅ ቱቦውን ሳይጨፈልቁ ራኩን በማሰሪያ ቦታው ሞርሳ ላይ ማሰርና ፒኞኑን በእጅ፣ ቀስ ብሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግሞ ማዞር ይበቃል። ክብደቱ በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ፣ ትንሽ ቢጠብቅም እንኳ አያሳስብም። መሐሉ ላልቶ ጫፎቹ ከጠበቁ ግን «ሲሠራ ይለሰልሳል» የሚለውን የሻጭ ማጽናኛ መቀበል አይገባም፤ መለወጥ ያለበት ዘንጉ ነው። ድጋፉን ማላላት ጫፎቹን ቢያቀልም መሐሉን እንደገና ያንኳኳዋል።

አራተኛው ስህተት የውስጡን ቅባት ሳያዩ መግጠም ነው። እንደ ሚኒና ኤምጂቢ ያሉ የእንግሊዝ መኪኖች ራክ የሚሠራው በ0.2 ሊትር ገደማ የጥርስ ዘይት ነው፤ ሌሎች ፋብሪካዎች ግራሶ ያዛሉ። ለዘይት የተሠራውን በግራሶ መሙላት አይገባም፣ ግራሶው ወደ ጫፎቹ ተገፍቶ ይቀርና ጥርሶቹ ይደርቃሉ። ስለዚህ በቱቦው ሁለት ጫፎች ካሉት እጥፋታም የጎማ ሽፋኖች የአንዱን ማሰሪያ ፈትቶ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። ዘይት የያዘውን በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ማመላለስም ሽፋኑን በግፊት ሊያፈነዳው ይችላል። በነገራችን ላይ የቱቦው ጥቁር ቀለም ማንጸባረቁ ስለ ውስጡ የሚናገረው ነገር የለም።

ሽፋኑ ተከፍቶ ሳለ ራኩን ወደ ጎማው ከሚሄደው የጎን ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን የውስጠኛውን ክብ መጋጠሚያ መፈተሽ ተጨማሪ ድካም የለውም። የጎን ዘንጉ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ዘፍ ብሎ ከወረደ መጋጠሚያው ላልቷል፤ በእጅ ሲገፋ ግን ሳይንቀጫቀጭ መሄድ አለበት። የመጋጠሚያው ዳዶ መቆለፊያ ቆርቆሮ ቀድሞ ታጥፎና ተቃንቶ እንደገና የታጠፈ መሆኑ ከታየ ይለወጥ፣ ያ ዳዶ ከተፈታ ጎማው ከመሪው ይለያያልና።

ራኩን መሐል ሳያደርጉ መግጠም ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ሙሉውን ዙር ቆጥሮ ግማሹ ላይ ማቆምና በቀለም ምልክት ማድረግ ነው። ፒኞኑ ወደ መሪው መጋጠሚያ አልገባ ሲል በመዶሻ መምታት ደግሞ አዲሱን ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ያበላሸዋል፤ ሁለቱ እንደሚገጣጠሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀድሞ መሞከር ይቀላል።

የመጨረሻው ስህተት የሚፈጸመው የጎማዎቹ አቅጣጫ በሚስተካከልበት አላይመንት ቤት ነው። ሠራተኛው የጎን ዘንጉን ለማዞር የቴስቲኒውን (በጎን ዘንጉ ውጫዊ ጫፍ ያለውን መጋጠሚያ) ዳዶ ይፈታል፣ የጎማ ሽፋኑን ትንሿን ማሰሪያ ግን ሳያላላ ይተዋታል። ሽፋኑ ከዘንጉ ጋር ይጠመዘዛል፣ ክረምት ሲገባም ከእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቅና የመንገዱን ጭቃ ውኃ ወደ ራኩ ያስገባል። ስለዚህ መኪናው ከጉድጓዱ ላይ ሳይነሳ ሁለቱንም ሽፋኖች በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል።