ሙጫው ደርቆ ነጭ ከሆነብህ፦ ለጀማሪ የመኪና መስታወት ጠጋኝ

የፊት መስታወት ሁለት መስታወት ሆኖ መሀሉ ፕላስቲክ እንዳለው ታውቃለህ። የጎን መስታወት እንደማይጠገን፣ ስንጥቁ ጠርዝ ከነካ ወይም ስብራቱ ከአንድ ብር ሳንቲም ከሰፋ መቀየር እንደሚሻልም ታውቃለህ። ጥገናው የስብራቱን አየር በቫኪዩም ፓምፕ ስቦ በምትኩ ሙጫ መሙላትና በአልትራቫዮሌት መብራት ማድረቅ እንደሆነም እንዲሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ችግሮቹ።

ሙጫው ገብቶ ደርቋል፤ ስንጥቁ ግን ነጭ ሆኖ ቀረ

ደሴ ውስጥ ተመልሶ ከሚመጣብን ሥራ አብዛኛው ይኸው ነው። ሁሉም ሙጫውን ይሰድባል። ሙጫው ምን አደረገ? ስንጥቁን ውሃ ቀድሞ ይዞታል።

ክረምት አለ፣ የጦሳ ተራራ ጭጋግ አለ። ከሁሉም የሚብሰው ግን ላቫጆ ነው። በሚሌ መንገድ የሚመጣ አይሱዙ ጠጠር ይመታዋል። ሾፌሩ ኮምቦልቻ ሲደርስ «አጽድቼ ልውሰድለት» ብሎ ላቫጆ ይገባና ስብራቱን በግፊት ውሃ ያስመታዋል። ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ማታ ደሴ ይመጣል። «አብሽር፣ ሲታጠብ እኮ ቀነሰ» ይልሃል። አልቀነሰም፣ ውሃ ጠጥቶ ነው። ደረቅ ስብራት አየር ስላለበት ጎልቶ ይታያል፤ ውሃ ሲገባበት ይደበዝዛል። «እየጠፋ መጣ» የተባለ ስብራት ሲመጣልህ ተጠራጠር።

መፍትሄው ሙጫ ከመንካትህ በፊት ማድረቅ ነው። የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከጋቢናው ውስጥ በኩል፣ አንድ ቦታ ሳታቆም። መስታወቱ ለእጅህ ለብ ይበል እንጂ አያቃጥልህ። አሙቅ፣ በቫኪዩም ሳብ፣ ደግመህ አሙቅ። ከዚያ እስኪቀዘቅዝ ታገሥ። በጋለ መስታወት ላይ ግፊት ከጨመርክ ስንጥቁ ይሄድብሃል።

ላይተር አትጠቀም። ላይተር አትጠቀም ብያለሁ። አንድ ልጅ የሚኒባስ መስታወት በላይተር ሲያደርቅ አይቻለሁ። መሀሉ ያለው ፕላስቲክ አረፋ አወጣ፣ ስንጥቁ እስከ ጠርዙ ሄደ። ባለቤቱ ሙሉ መስታወት አስከፈለው። ጣሪያ ከሌለህ ደግሞ በዝናብ ሥራ አትጀምር፤ «ነገ ና» በለው። ቢቆጣም ይቆጣ።

ሾፌሩ ራሱ ሱፐር ግሉ ያንጠባጠበበት ከሆነ ብሩን አትቀበል። እሱ በደረቀበት ቦታ የኛ ሙጫ አይገባም። ለደንበኞችህ ሁሉ አንድ ነገር ንገራቸው፦ መስታወቱ ሲመታ ስኮች ለጥፈህ ና። አትጠበው፣ አትቀባው፣ በጥፍርህ አትጎርጉረው።

የቫኪዩሙ ጌጅ (መለኪያው) መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር አይደርስም

ፓምፑን ይዘህ ወደ ሻጩ አትሩጥ። መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው፤ እዚያ ሙሉ ቫኪዩም 30 ኢንች (የሜርኩሪ) ገደማ ያሳያል። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች አየሩ ራሱ ስስ ነው። እዚህ 22 አካባቢ ከደረሰ ጨርሷል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ይጨምራል። ጭራሽ አልስብ ካለ ግን መስታወቱ ላይ የሚያሽገው ጎማ ደርቋል፤ ቀይረው።

ሙጫው ሳይሞላ ደረቀ

ኮምቦልቻ፣ ቀትር ላይ፣ ሜዳ ላይ። ሙጫውን የሚያደርቀው አልትራቫዮሌት ነው፣ ፀሐይ ላይ ደግሞ እሱ ሞልቶ ተርፏል። ጥላ ፈልግ።

ሙጫው አልደርቅ አለ

መብራቱን የት ነው ያደረግከው? መሀል ያለው ፕላስቲክ አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ስለሚያስቀር ከጋቢና ውስጥ ብታበራ ስታበራ ትውላለህ። ከውጭ አብራ። መብራትህ የብር ኖት መፈተሻዋ ወይን ጠጅ ባትሪ ከሆነች ደግሞ ለብር ኖት ተዋት። በርካሽ ኪት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጨምረው ይሸጣሉ፤ ሙጫው ከላይ የደረቀ ይመስልና ውስጡ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል።

እየሠራህ ስንጥቁ ሄደ

ጠዋት በብርድ የመጣ ሾፌር መስታወቱ ላይ ሙቅ አየር ለቆ ይመጣል። ከውጭ በረዶ፣ ከውስጥ ምድጃ። አጥፋው በለው፣ መስታወቱ ይረጋጋ፣ ከዚያ ጀምር። ሙጫውን ወደ ስንጥቁ የሚገፋውን የመርፌውን ብሎን በኃይል አትጠምዝዝ። ሊሄድ እንደሚችልም ሥራ ከመጀመርህ በፊት ንገረው፤ ከሄደ በኋላ ብትነግረው ማን ይሰማሃል?

ቆይቶ ቢጫ ሆነ

ርካሽ ሙጫ ነው። ሌላ ግዛ።

ጠጠሩ በመታበት የላይኛው ጉድጓድ ያለው ሙጫ ተቦርቡሮ ወለቀ

ለጉድጓዱ ወፈር ያለው ሙጫ ነው የሚሆነው፣ ስንጥቁን የሞላህበት ቀጭኑ አይደለም። አየር የነካው ሙጫ ላዩ በደንብ ስለማይደርቅ ቁራጭ ፕላስቲክ አልብሰህ አብራበት። ሲጠነክር ምላጩን ቀጥ አድርገህ ፋቀው። ካጋደልከው ሙጫውን ቆፍሮ ያወጣዋል።