ሱህረወርዲን ከጣና ዳር ሆኖ ለማንበብ ከየት ይጀመራል?

ሰሞኑን ሶስት አራት ሰው "ሁሌ የምታወራውን የኢሽራቅ ፍልስፍና እኔም ማንበብ ፈልጌ ነበር፣ ግን ከየት ልጀምር" ብሎ ስለጠየቀኝ ለሁሉም በአንዴ ልመልስ። እኔ እዚሁ ባህር ዳር ቁጭ ብዬ በስልክና በፎቶኮፒ ነው ያነበብኩት፣ ስለዚህ የምነግራችሁ እዚሁ ሆናችሁ የምትችሉትን ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እንያዝ። ኢሽራቅ ማለት የፀሐይ መውጣት፣ ማብራት ማለት ነው፣ ስሩም ከኛው ከግእዙ ሠረቀ ጋ አንድ ነው (በንጉሡ ሠ! በእሳቱ ሰ ከፃፋችሁት ሌብነት ይሆናል)፣ ምሥራቅ የምንለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ስለዚህ ባዕድ ቃል አይምሰላችሁ፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ሀይቁ ወርዳችሁ በአባይ ድልድይ በኩል ሰማዩ ሲፈካ የምታዩት ነገር ስም ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ በአረብኛው ላይ "ቡርሃን" የሚል ስታዩ ብርሃን ብላችሁ እንዳትተረጉሙት፣ እዛ ቡርሃን ማለት የማያወላዳ ማስረጃ ነው፣ ብርሃን ደግሞ ኑር ነው። የሚገርመው ቡርሃን ራሱ ከግእዝ ወደ አረብኛ የገባ ቃል ነው የሚሉ ምሁራን ብዙ ናቸው፣ እንግዲህ ቃላችን ሄዶ ሌላ ስራ ይዞ ነው የሚጠብቀን።

የዚህ ፍልስፍና መስራች ሺሃቡዲን ያህያ ሱህረወርዲ ይባላል። በሰሜን ምዕራብ ኢራን ሱህረወርድ የምትባል ቦታ በ1154 አካባቢ ተወለደ (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምፅፈው)፣ ማራጋና ኢስፋሃን ተማረ፣ በ1183 ሶርያ ሀለብ ገባ፣ እዛ የሳላሃዲን ልጅ አልመሊክ አዟሂር ወደደው አቀረበው፣ የከተማው የሸሪዓ ሊቃውንት ግን እምነት ያበላሻል ብለው ከሰሱት፣ በመጨረሻ በራሱ በሳላሃዲን ትእዛዝ በ1191 ተገደለ። አርባ እንኳን አልሞላውም ነበር። ለዛ ነው መቅቱል፣ የተገደለው፣ የሚባለው። ይሄን ሳስብ ሁሌ ሆዴ ይባባል፣ ዋናውን መፅሐፉን ሂክመቱል ኢሽራቅን የጨረሰው በ1186 ነው፣ ከዛ በኋላ አምስት አመት ብቻ ነው የኖረው።

አሁን ፋይል ከመፈለጋችሁ በፊት ይሄን ስሙኝ። ሁለት ሱህረወርዲ አለ። ሌላኛው አቡ ሐፍስ ዑመር ሱህረወርዲ ነው፣ ከ1145 እስከ 1234 የኖረ፣ የባግዳድ ትልቅ ሱፊ፣ አዋሪፉል መዓሪፍ የሚለው ኪታብ ባለቤት። ችግሩ ምንድነው፣ እሱም ሺሃቡዲን ነው የሚባለው! እኔ ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ፒዲኤፍ ስሙ "ሺሃቡዲን ሱህረወርዲ" ስለሚል ብቻ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳነብ ከርሜ ስለ ብርሃን የሚባል ነገር የት አለ እያልኩ ስፈልግ፣ በፊት ደረሳ የነበረ ጓደኛዬ ሽፋኑን አየና "ይሄማ ዑመር ነው፣ ያንተው ያህያ አይደል እንዴ" አለኝ። ጥሩ ኪታብ ነው፣ ግን ሌላ ኪታብ ነው። ስለዚህ ሺሃቡዲን የሚለውን ዝለሉትና ያህያ ነው ዑመር የሚለውን ፈልጉ።

መፅሐፎቹ የሚነበቡበትን ቅደም ተከተል ራሱ ነግሮናል፦ ተልዊሃት፣ ከዛ ሙቃወማት፣ ከዛ ሙጣረሃት፣ ሂክመቱል ኢሽራቅ መጨረሻ። የመጀመሪያዎቹ ሶስቱ በአሪስቶትል ተከታዮች መንገድ የተፃፉ ናቸው፣ ያን ሳታውቁ ሂክመት ውስጥ ማንን እንደሚሞግት አይገባችሁም። ነገር ግን ለጀማሪ እኔ የምለው ከነሱም በፊት በፋርስኛ ከፃፋቸው አጫጭር ተረቶች አንዱን አንብቡ፣ የእንግሊዝኛ ትርጉም አላቸው። "ቀዩ አእምሮ" የሚባለው በአንድ ቁጭታ ያልቃል። በወጥመድ የተያዘ ወፍ አይኑ ተሰፍቶ ይኖርና ቀስ በቀስ ይከፈትለታል፣ አንድ ቀን አምልጦ በረሃ ላይ ፊቱ ቀይ የሆነ ሰው ያገኛል፣ ወጣት መስሎት ሲያናግረው "እኔ እኮ ሽማግሌ ነኝ፣ ነጭ ነኝ" ይለዋል። ታዲያ ለምን ቀላህ? ብርሃን ያለው ነጭ ከጥቁር ጋ ሲቀላቀል ቀይ ሆኖ ይታያል፣ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩን አላየህም ወይ ነው መልሱ። ይሄን አንብቤ በማግስቱ 12 ሰዓት ሳይሆን ሀይቁ ዳር ወርጄ ቆምኩ፣ ከታች በኩል ቀይ፣ ከላይ ገና ጥቁር፣ ውሃው ላይ የደንገል ታንኳ እንደ ጥላ ሲያልፍ፣ ያ ሁሉ ሰማይ የሽማግሌው ፊት ሆኖ ታየኝ። ነፍሳችን እዛ መሀል ላይ ናት ነው የሚለው፣ ግማሽ ብርሃን ግማሽ ጨለማ።

ከዛ ዋናው ሀሳብ ላይ ስትደርሱ አትሩጡ፣ እዚህ ላይ ብዙ ቀን ብትቆዩ አትከስሩም። ኢልም ሁዱሪ ይለዋል፣ ነገሩ ራሱ ፊትህ ተገኝቶ የምታውቀው እውቀት ማለት ነው። ራስ ምታት ሲይዛችሁ የራስ ምታትን ስእል አይምሮ ውስጥ ስላችሁ ነው የምታውቁት? አይደለም፣ ህመሙ ራሱ አለ፣ በቃ። "እኔ" የሚለውም እንደዛው ነው፣ ራሴን በምስል የማውቅ ቢሆን ኖሮ ያ ምስል "እሱ" እንጂ "እኔ" አይሆንም ነበር ይላል። ማየትንም በዚሁ ነው የሚፈታው፦ ከአይን ጨረር ይወጣል የሚሉትንም፣ የነገሩ ምስል አይን ላይ ይታተማል የሚሉትንም አይቀበልም፣ ጣናን የሚያክል ነገር በብሌን ውስጥ እንዴት ይገባል ብላችሁ ብትጠይቁ የሱን አይነት ጥያቄ ነው የጠየቃችሁት። ጤነኛ አይን፣ የበራ ነገር፣ መሀል ላይ መጋረጃ የለም፣ ማየት ማለት ይሄው ነው። ብርሃንን ደግሞ ፍቺ አትፈልጉለት፣ ከሱ የበለጠ ግልፅ ነገር ስለሌለ በምን ይፈታል። ሁሉም ከኑሩል አንዋር፣ ከብርሃናት ብርሃን፣ በደረጃ እየወረደ ነው የሚመጣው።

ሂክመትን ብቻውን አትክፈቱት፣ ከሸርህ ጋ ነው። የቁጥቡዲን ሺራዚ (1236-1311) ሸርህ ነው የተለመደው። አንድምታ የሰማ ሰው አይቸገርም፣ መትን ማለት ንባቡ ነው፣ ሸርህ ትርጓሜው ነው፣ ሐሺያ ደግሞ ህዳግ ላይ የሚጨመረው ነው፣ ሙላ ሳድራ (በ1640 ግድም የሞተው) በሺራዚ ሸርህ ላይ ሐሺያ ፅፏል፣ ማለትም በአንድምታ ላይ አንድምታ። የብራናችን ቀይ ቀለም ቅዱሳን ስሞችን እንደሚለይ እዛም ብዙ ጊዜ መትኑ በቀይ ይፃፋል ወይ ከላዩ መስመር ይሰመርበታል፣ ያን ካላያችሁ የሱህረወርዲን ቃል ከሺራዚ ቃል ትቀላቅላላችሁ።

የእጅ ፅሁፍ ስካን የምታዩ ከሆነ ከመጨረሻው ገፅ ጀምሩ፣ ፀሐፊውና አመቱ እዛ ነው ያለው፣ ብዙ ጊዜ መስመሮቹ እያጠሩ ሄደው ሶስት ማእዘን ይሰራሉ። አመቱ በሂጅራ (በእስልምና አቆጣጠር) ነው፣ ወደ ፈረንጅ ለመቀየር ዝም ብላችሁ 622 አትደምሩበት፣ የጨረቃ አመት አጭር ስለሆነ። ለምሳሌ ሂክመት ያለቀበት አመት 582 ነው፣ እሱ ላይ 622 ብትደምሩ 1204 ይመጣል፣ ሰውየው ከሞተ 13 አመት በኋላ! በ0.97 አባዙትና ከዛ 622 ደምሩ፣ 1186 አካባቢ ይሰጣችኋል። ገፅ መጉደሉን ለማወቅ ደግሞ ከታች በግራ ጥግ ላይ ብቻዋን የተፃፈች ቃል እዩ፣ የሚቀጥለው ገፅ በሷ ካልጀመረ ቅጠል ጠፍቷል።

ኢስታንቡል ውስጥ ብዙ ቅጂ አለ፣ ፈረንሳዊው አንሪ ኮርባንም ከ1939 እስከ 1945 እዛ ሆኖ ነው የሱህረወርዲን ፅሁፎች ለህትመት ያዘጋጀው። ትልቅ ውለታ ነው የዋለልን፣ ግን የ1945ቱ እትም ከመጀመሪያዎቹ ሶስት መፅሐፎች የሜታፊዚክሱን ክፍል ብቻ ነው የያዘው፣ ሎጂኩን ትቶታል፣ ያን ብቻ ያነበበ ሰው ሱህረወርዲን ባለ ራእይ ብቻ አርጎ ያስበዋል። ሰውየው ግን ሂክመትን ራሱን የሚጀምረው በሎጂክ ነው። የወልብሪጅና የዚያይ የ1999 የሂክመት የእንግሊዝኛ ትርጉም አረብኛውን ጎን ለጎን ስለያዘ እሱን ብታገኙ ደስ ይለኛል። ተከታዮቹ ደግሞ አንድ አይነት ሰዎች አይደሉም፣ በ1268 ለተልዊሃት ሸርህ የፃፈው ኢብን ከሙና የባግዳድ አይሁዳዊ ነበር። እኛም ጋ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል መጽሐፈ ፈላስፋን ከአረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል፣ ስለዚህ ይሄ የአረብኛ ጥበብ የኛ አይደለም ለሚላችሁ እሱን አሳዩት።

የመጨረሻው ነገር፣ ሱህረወርዲ ሂክመትን ከማንበባችሁ በፊት 40 ቀን ስጋ ከመብላት ተቆጠቡ፣ ምግብ ቀንሱ፣ የአላህን ብርሃን አስቡ ይላል። እኔ በአብይ ፆም ነው ያደረኩት፣ ፆሙ 55 ቀን ስለሆነ በ41ኛው ቀን ጀመርኩና ፋሲካ ሳይደርስ ሎጂኩን ጨረስኩ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስቼ ሶስት ገፅ፣ ከዛ በላይ አላነብም ነበር፣ ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጌ።