ከዘር የዘራችሁት ካክተስ ምን ነካው?

“ካክተስ ውሃ አይወድም” የሚባለውን ለጊዜው እርሱት። ያደገው አይወድም፣ ልክ ነው። ከዘር የወጣው ግን የክብሪት ራስ የምታክል አረንጓዴ ነጥብ ናት። ሥሯ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ ውሃ የምታጠራቅምበት ገላም ገና የላትም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት እርጥበት ያስፈልጋታል። ጣጣው ሁሉ የሚመጣውም ከዚሁ እርጥበት ነው።

ምንም አልበቀለም

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ። አብዛኛው ዝርያ ከ5 ቀን እስከ 3 ሳምንት ይፈጅበታል። ያ ካለፈ፣ ዘሩን አፈር አልብሳችሁት ይሆን? የብዙ ካክተስ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ላዩ ላይ በትኖ በጣት ጫን ጫን ማድረግ ብቻ ነው። ሙቀቱም ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይሁን። የቁልቋል በለስ ወገን የሆኑት ለየት ይላሉ፤ ቅርፊታቸው ድንጋይ ስለሆነ ወራት ሊቆዩ ይችላሉ። የእንጨት ማለስለሻ ወረቀት ላይ ትንሽ አሸት አሸት አድርጉና ዝሩ።

ዘሩ ነጭ ጥጥ ለበሰ

ከፍሬው ሥጋ የቀረ ነገር አለበት። ሻጋታ የሚወደው እሱን ነው። የሻገተውን ልቀሙና ጣሉት። በሚቀጥለው ዘሩ እስኪጠራ ታጥቦና ደርቆ ይዘራ።

ትናንት ቆሞ የነበረው ዛሬ ተኝቷል

ይሄኛው ነው ዋናው ገዳይ። በስቴኪኒ ጫፍ ነካ አድርጉት። ግርጌው ውሃ መስሎ ከቀለጠ፣ አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ይዞታል። አይድንም። ያዘንኩለትን አንዱን “ምናልባት ይነሳል” ብዬ ትቼው፣ በሦስተኛው ቀን የትሪው ግማሽ አልቆ አገኘሁት። ስለዚህ ሳትሳሱ ከነዙሪያው አፈር በማንኪያ አንሱት። እርጥበቱ እንዳይጠፋ የሸፈናችሁበትን ክዳን ወይም ላስቲክ ክፈቱ፣ አየር ይግባ። ከላይ መርጨት አቁሙና ዕቃውን ውሃ ያለበት ሳህን ላይ አስቀምጡት፤ ከሥር ይምጠጥ። ላዩ ሲረጥብ አውጡት።

መከላከያው ግን ከመዝራት በፊት ነው። እርጥቡን አፈር 80 ዲግሪ ገደማ አሙቁና ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ በደንብ ሲቀዘቅዝ ዝሩበት። አፈሩ ራሱ ደግሞ ግማሽ ያህሉ የተነፋ ሻካራ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ይሁን። ብስባሽ የበዛበት አፈር ውሃ አይለቅም።

ቀጭን፣ ረዥም፣ የገረጣ

ብርሃን አንሶት ነው የሚንጠራራው። የተሳበው ክፍል ተመልሶ አይወፍርም፤ ከዚያ በላይ ያለውን ግን ማዳን ይቻላል። ብርሃኑን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሩለት። በመብራት የምታሳድጉ ከሆነ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይብራ። በተቃራኒው በጣም ከቀላ በዝቶበታል፣ ራቅ አድርጉት። ትንሽ መቅላት አያሳስብም።

ሥሩ ወደ ላይ ወጣ

ላዩ ላይ ስለተዘራ ሥሩ መግቢያ አጥቶ ነው። በስቴኪኒ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩና ሥሩን ቀስ ብላችሁ አስገቡት። የዘሩ ቅርፊት አናቱ ላይ ከቀረ አትጎትቱት፣ አናቱም አብሮ ይመጣል። ጠብታ ውሃ አድርጉበት፣ ሲለሰልስ ራሱ ይወድቃል።

አረንጓዴ አልጌ ላዩን ከሸፈነው ውሃ ቀንሱ። ትንንሽ ጥቁር ትንኞች ከበዙ ደግሞ እጫቸው ሥር ይበላልና ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት አጠገቡ አቁሙ፣ የአፈሩም ላይ ትንሽ ይድረቅ።

ደህና ሲያድግ ቆይቶ ተጨማደደ

ክዳኑን አንድ ቀን አንስታችሁ ጥላችሁት ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። መልሳችሁ ክደኑት። ከዚያ መጀመሪያ በጣት ስፋት ክፈቱ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ጨምሩ፤ ሁለት ሳምንት ይፍጅ። ውሃውንም በዚያው ልክ አራርቁት። ገላቸው እርስ በርስ መነካካት ሲጀምር ወደየራሳቸው ዕቃ አዛውሯቸው። ያዛወራችሁ ዕለት ግን ውሃ የለም፤ የተላጠ ሥር ካለ እንዲደርቅ ጥቂት ቀን ታገሱ።