ተጫዋች ፍርድ ቤት ሲቆም ስፖርት ጋዜጠኛ የሚሳሳታቸው ነገሮች

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2016 ነው፤ ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አንፊልድ ላይ ሊቨርፑል ሰንደርላንድን 2 ለ 0 እየመራ ሳለ በ77ኛው ደቂቃ ደጋፊው የ77 ፓውንዱን ትኬት ተቃውሞ እየተነሳ ወጣ። በ82ኛው ደቂቃ የሰንደርላንዱ አዳም ጆንሰን ከቅጣት ምት አስቆጠረ፤ የቡድን ጓደኛው ደፎ ደግሞ አቻ አደረገው። ጨዋታውን በሬዲዮ የዘገብኩት እኔ ነበርኩ፤ የጆንሰንን ግራ እግር አድንቄ አልጠገብኩም። በአራተኛው ቀን ያው ሰው ብራድፎርድ ከተማ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ላይ ፈጽሟል ከተባሉት አራት ወንጀሎች ሁለቱን አመነ። ከተከሰሰ ዘጠኝ ወር አልፎት ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። በዚያ ቀን ስለ ክሱ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ የብዙ ወጣቶችን ጽሑፍ አርሜአለሁ። የሚደጋገሙትን ስህተቶች እነሆ።

«ከአድናቂው ጋር የፍቅር ግንኙነት» ብሎ መጻፍ። ይህን ስታርም የማይናደድ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ጆንሰን ያኔ የ27 ዓመት ሰው ነበር። ልጅቷ የክለቡ ደጋፊ ናት፤ ዕድሜዋን ያውቃል። ያገኛት ማልያ ልፈርምልሽ ብሎ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ከ16 ዓመት በታች ልጅ ናት፤ የእኛም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆችን ለብቻ ነጥሎ ይጠብቃል። ታዲያ «ፍቅር» የሚለው ቃል ከየት መጣ? «የሴት ጣጣ»፣ «በሴት ምክንያት የጠፋ ኮከብ» የሚሉትም ያው ናቸው፤ የተበደለችውን ልጅ የሰውየው መሰናክል ያደርጓታል። ዐቃቤ ሕግ የከሰሰበትን ወንጀል በስሙ ጥሩት።

ተጠርጣሪን፣ ተከሳሽንና ጥፋተኛን ማደባለቅ። ፖሊስ ሲይዘው ተጠርጣሪ፣ ክስ ሲመሰረትበት ተከሳሽ፣ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነህ ሲለው ጥፋተኛ። ይህን የማይለይ ሰው ዜናውን ለሌላ ይስጥ።

«ፍርድ ቤት እስኪወስን ክለቡ ምን ያድርግ?» ብሎ ማለፍ። የሁሉም ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ በሰማሁት ቁጥር ያመኛል። ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹህ ይቆጠራል፤ ልክ ነው፤ በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ላይ ተጽፏል። ግን ይህ መርህ የሚያስረው ፈራጁን ነው። ክለቡ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ምን ያውቅ ነበር? መቼ አወቀ? ላወቀው ነገር ምን አደረገ?

የሰንደርላንድን ቀኖች በተርታ ተመልከቱ። ማርች 2 ቀን 2015 ጆንሰን ተያዘ፤ ክለቡም አገደው። ማርች 18 እገዳው ተነሳ። ኤፕሪል 23 ክስ ተመሰረተበት። ሜይ 4 የክለቡ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማርጋሬት በርን፣ ጆንሰን ለፖሊስ የሰጠው ቃልና ከልጅቷ ጋር የተላላኩት 834 የዋትሳፕ መልእክት ደረሳቸው። እንደሳማትም ለእሳቸው ነግሯቸዋል። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? መጫወቱን ቀጠለ። በኦክቶበር ኒውካስልን 3 ለ 0 ሲያሸንፉ ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ። በሳምንት 60 ሺህ ፓውንድ ገደማ እንደሚከፈለው ይነገር ነበር። ውሉ የተቋረጠው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2016፣ ወንጀሉን ባመነ ማግስት ነው።

ክለቡ «ጆንሰን ክሱን እክዳለሁ ስላለን ነው የጠበቅነው» አለ። በርን ደግሞ ማርች 8 ሥራቸውን ሲለቁ ሰነዶቹን ለቦርዱ አለማሳየታቸውን፣ እንዲጫወት መፍቀዳቸውም ከባድ ስህተት እንደነበር አመኑ። ልብ በሉ፤ ክለቡ አልተከሰሰም፤ በወንጀል የተጠየቀ ኃላፊም የለም። ስለዚህ «ክለቡ ጥፋተኛ ተባለ» ብላችሁ አትጻፉ። ግን ደመወዙን እየከፈሉ ከሜዳ ማራቅ፣ ለቦርድ ማሳወቅ፣ ማልያ ለማስፈረም ከሚሰለፉ ሕጻናት መለየት የማንንም ፍርድ አይጠብቅም። ልጅቷ በየሳምንቱ ስሙ ሲጨበጨብለት እየሰማች ነበር ፍርዱን የምትጠብቀው።

ተገላቢጦሹ፦ ክስ ሲሰማ «አባሩት፣ ደመወዙን ቁረጡ» ማለት። ማንቸስተር ሲቲ ተከላካዩን ቤንጃሚን ሜንዲን በኦገስት 2021 የአስገድዶ መድፈር ክስ ሲመሰረትበት አገደው፤ እዚህ ድረስ ደግ። ከቀጣዩ ወር ጀምሮ ግን ደመወዙን ከለከለ። ሜንዲ በሁለት ችሎት ጥፋተኛ ሳይባል ቀረ፤ በኖቬምበር 2024 የሥራ ክርክር ፍርድ ቤቱ ከጠየቀው 11 ሚሊዮን ፓውንድ አብዛኛው ይከፈለው አለ። እንዲህ ያለ ደመወዝ ለመከልከል የሚፈቅድ አንቀጽ በውሉ ውስጥ አልነበረም። በእስር ያሳለፋቸው አምስት ወራት ገደማ ግን በአብዛኛው ተቀንሰውበታል። ማገድ አንድ ነገር ነው፤ መቅጣት ሌላ።

በዚሁ ጉዳይ የራሴንም ልናገር። ጃንዋሪ 2023 ላይ የመጀመሪያው ችሎት ሲያበቃ «ሜንዲ ከሁሉም ክስ በነፃ ተሰናበተ» ብዬ አነበብኩ። ውሸት ነበር። ጁሪው (ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት ተራ ዜጎች) በሰባቱ ነፃ ቢለውም በሁለቱ መስማማት አቅቶት ነበር፤ ከነዚያም ነፃ የወጣው በጁላይ በድጋሚ ችሎት ነው። እርማቱን በማግስቱ አነበብኩ፤ የመጀመሪያውን የሰማ ሁሉ እርማቱን እንዳልሰማ ግን አውቃለሁ።

የተበዳይን ስም ማውጣት ወይም መጠቆም። በጭራሽ። በእንግሊዝ የወሲብ ጥቃት ደረሰብኝ ያለ ሰው ስም ዕድሜ ልኩን አይገለጽም። አስገድዶ በመድፈር በተከሰሰው የዌልስ ተጫዋች በቼድ ኢቫንስ ጉዳይ የልጅቷን ስም በትዊተር ያወጡ ዘጠኝ ሰዎች በ2012 እያንዳንዳቸው 624 ፓውንድ እንዲከፍሏት ታዘዋል። ኢቫንስ በ2016 በድጋሚ ችሎት ነፃ ሲባልም ጥበቃው አልተነሳላትም። ሰፈሯንና ትምህርት ቤቷን መጥቀስም ስሟን ከመጥራት አይለይም።

ይግባኝን መርሳት። ብራዚላዊው ተጫዋች ዳኒ አልቬዝ በፌብሩዋሪ 2024 በአስገድዶ መድፈር አራት ዓመት ተኩል ተፈረደበት፤ በማርች 2025 የካታሎኒያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ዜናው ላይ የትኛው ፍርድ ቤት እንደወሰነ ካልጻፋችሁ አድማጭ ጉዳዩ ያበቃ ይመስለዋል።

«ነፃ ወጣ»። ጆንሰን በሦስተኛው ክስ ጥፋተኛ ተብሎ፣ ከአራተኛው ነፃ ወጥቶ፣ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። በማርች 2019 ከእስር ሲወጣ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጎበዝ ልጅ «አዳም ጆንሰን ነፃ ወጣ» የሚል ርዕስ አመጣልኝ። ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ «ነፃ» የምትለውን ሰረዝኩና «የእስራቱን ግማሽ ጨርሶ ተፈታ፤ ቀሪውን በክትትል ስር ያሳልፋል» ብዬ ጻፍኩበት። «ርዕሱ ረዘመ እኮ» አለኝ። ይርዘም አልኩት።