ከርካሽ የአደን ጠመንጃ ወደ ተሻለው፦ ሳይከስሩ እንዴት እንደሚመርጡ

አሜሪካ መጥቶ አደን የለመደ ሐበሻ የመጀመሪያ ጠመንጃው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰደፉ ጥቁር ፕላስቲክ፣ መነጽሩ ከፋብሪካ ተገጥሞ የመጣ፣ ዋጋው 400 ወይም 500 ዶላር ገደማ። ሳቬጅ አክሲስ ነው፣ ካልሆነም ሩገር አሜሪካን። አንድ ሁለት የአደን ወቅት ካለፈ በኋላ፣ ተኩስ ሜዳ ላይ ከጎኑ ያለው ሰውዬ የፊንላንድ ጠመንጃውን ቦልት በሁለት ጣት ሲያንሸራትት ያያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለም።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። የማወራው ስለ ቦልት አክሽን፣ ማለትም እያንዳንዱን ጥይት በእጅ እየከፈቱና እየዘጉ ስለሚያጎርሱት የአደን ጠመንጃ ነው። አያቶቻችን ውጅግራ ያሉት፣ «ግራ» የሚባለው የፈረንሳይ የ1874 ጠመንጃም በዚሁ መንገድ ይከፈትና ይዘጋ ነበር። ሥራው ያረጀና የታወቀ ስለሆነ ዛሬ ርካሹም ጠመንጃ ጥይቱን ቀጥ አድርጎ መላክ አያቅተውም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

መጀመሪያ፣ ያለዎትን ይለኩ

«አይመታልኝም» ማለት ልኬት አይደለም። ሃያ ጥይት ይዘው ተኩስ ሜዳ ይሂዱ። ዒላማውን 100 ያርድ (91 ሜትር) ላይ ያቁሙ፣ ጠመንጃውን ከፊትም ከኋላም በአሸዋ ከረጢት ያስደግፉ፣ አምስት አምስት ጥይት በአራት ወረቀት ላይ ይተኩሱ። ቀጭን በርሜል ቶሎ ይግላል፤ ከየአምስቱ በኋላ እስኪበርድ ይጠብቁ። ከዚያ በየወረቀቱ ላይ በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከመሐል እስከ መሐል ይለኩ። ሦስት ጥይት ብቻ ተኩሶ ፎቶ ማንሳት የተለመደ ነው፤ ሦስት ጥይት ግን በዕድልም ይገጣጠማል።

ቁጥሩን ከእንስሳው ጋር ያስተያዩት። ነጭ ጭራ ያለው አጋዘን ልብና ሳንባው የሚገኝበት ቦታ ስፋቱ 8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። (አገር ቤት አጋዘን የምንለው ቀንዱ የተጠማዘዘው እንስሳ ሌላ ነው፤ እዚህ ስሙን ለዲር አውርሰነዋል።) በ100 ያርድ 1.5 ኢንች የሚበትን ጠመንጃ በ200 ያርድ 3፣ በ300 ያርድ 4.5 ኢንች ይበትናል። ለአደን በቂ ነው፤ እንዲያውም ይተርፋል። በቨርጂኒያ ጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ 100 ያርድ ርቆ ማየት ራሱ ብርቅ ነው። ስለዚህ ውጤትዎ ከ1.5 ኢንች በታች ከሆነ፣ «የበለጠ እንዲመታልኝ» ብለው ሌላ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሁለተኛ፣ ጠመንጃውን ከመክሰስዎ በፊት ብሎኑን ይፈትሹ

የእኔ የመጀመሪያ ጠመንጃ አንድ ቀን 5 ኢንች መበተን ጀመረ። ልሸጠው ቆርጬ ነበር። መነጽሩን ሳወርድ ከሥሩ ያለው ማቀፊያ በጣት ይነቃነቃል፤ መጀመሪያ ሲገጠም ብሎኑ በወጉ አልጠበቀም ነበር። የአሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ ሊያስወጣኝ የነበረው 900 ዶላር ነበር።

ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም ካረጋገጡ በኋላ የመነጽሩን ማቀፊያ ብሎኖች፣ ቀጥሎ ብረቱን ከሰደፉ ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ብሎኖች ይፈትሹ። ምን ያህል መጥበቅ እንዳለባቸው የየዕቃው መመሪያ በኢንች ፓውንድ ይነግርዎታል፤ ለዚህ የሚሆን ትንሽ መለኪያ ያለው መፍቻ ይግዙ። «በደንብ ይጥበቅ» ብሎ በጉልበት ማሰር የመነጽሩን ቱቦ ይጨፈልቃል። ቀጥሎ አንድ የብር ኖት ያህል ወረቀት በበርሜሉና በሰደፉ የፊት ክፍል መካከል ያንሸራቱ። የርካሽ ጠመንጃ ፕላስቲክ ለስላሳ ስለሆነ ጠንካራ ነገር ላይ ሲያስደግፉት ጎብጦ በርሜሉን ይነካል፤ ያኔ ጥይቱ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይሄዳል።

ከዚያ ጥይት ይቀይሩ። የጠመንጃዎ የጥይት ዓይነት .308 ከሆነ 150፣ 165 እና 180 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝኑትን አንዳንድ ካርቶን ይሞክሩ። አንዱን የሚጠላ በርሜል ሌላውን ሲወድ፣ የብተናው ስፋት በግማሽ ሲቀንስ አይቻለሁ። በመጨረሻም ከእርስዎ የተሻለ ተኳሽ በዚያው ጠመንጃ አምስት ጥይት እንዲተኩስ ይለምኑ። ወረቀቱን ሲያመጡት የሚታየው ውጤት ያሳፍር ይሆናል፤ ግን ከነጻ ምክር ሁሉ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የጎደለውን በስሙ ይጥሩ

ርካሹና መካከለኛው ጠመንጃ የሚለያዩት በዋነኛነት በአያያዝ ነው። ቀዳሚው ምላጩ ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ ሦስት ኪሎ ያህል ኃይል የሚጠይቅ ምላጭ ሲኖረው፣ ጣትዎ ምላጩን ሲስብ ጠመንጃውም አብሮ ይሳባል። ሳቬጅ ይህን ለማቃለል አኩትሪገር ያለውን ምላጭ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አወጣ፤ አክሲስ 2 ይህ አለው፣ የመጀመሪያው አክሲስ ግን የለውም። ሁለተኛው የቦልቱ ሩጫ ነው፤ አሸዋ እንደገባበት የሚንቋቋ ቦልት ሁለተኛውን ጥይት ለማጉረስ ሲሞክሩ ይከዳዎታል። ሦስተኛው ሰደፉ፣ ጉንጭዎ ሲያርፍበት ዓይንዎ በቀጥታ ከመነጽሩ መሐል መግጠም አለመግጠሙ ነው። ክብደት አራተኛ ነው፤ ቀላል ጠመንጃ ተራራ ሲወጡበት ደስ ይላል፣ ሲተኩሱት ግን ይራገጣል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የቲምኒ ምላጭ፣ የቦይድስ የእንጨት ሰደፍ እየጨመሩ የ400 ዶላሩን ጠመንጃ 750 ያደርሱታል። ሲሸጡት ግን ገበያው የሚያውቀው የ400 ዶላር ጠመንጃ መሆኑን ብቻ ነው። የጎደለዎት አንድ ነገር ከሆነ ያንን ይቀይሩ። ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ግን ጠመንጃውን ራሱን ይቀይሩ።

አራተኛ፣ ገንዘቡን ይከፋፍሉ

ያለዎት 1,200 ዶላር ነው እንበል። ሁሉን ለጠመንጃው አይስጡ። እኔ ብሆን 750 ያህሉን ለጠመንጃ፣ 300 ለመነጽር፣ የቀረውን ለማቀፊያና ለጥይት እመድብ ነበር። ከርካሹ ጋር አብሮ የመጣው መነጽር ከዕቃው ሁሉ ደካማው ነው፤ ሲመሽ፣ አጋዘኑ በሚወጣበት ሰዓት ይደበዝዛል። ያለዎት 500 ብቻ ከሆነ ደግሞ ጠመንጃውን ተዉትና መነጽር ይቀይሩ። ሱቅ ውስጥ ያለ ሻጭ ይህን አይነግርዎትም።

አምስተኛ፣ እጩዎቹን ይወቁ

በአሜሪካ ገበያ ከ700 እስከ 1,000 ዶላር ባለው ክልል ስማቸው የሚደጋገመው ጥቂቶች ናቸው።

ቲካ ቲ3ኤክስ ፊንላንድ ውስጥ በሪሂማኪ ከተማ በሳኮ ፋብሪካ ይሠራል፤ የቀድሞው ቲ3 በ2003 ወጣ፣ የአሁኑ በ2016 ተካው። ቦልቱ 70 ዲግሪ ብቻ ይነሣል፤ ያ ሰውዬ በሁለት ጣት ያንሸራተተው ይህንኑ ነው። ምላጩ ያለ ባለሙያ የሚስተካከል ነው። ነቀፋ አለኝ፦ ካዝናው ፕላስቲክ ሆኖ ሳለ ተጨማሪ ካዝና ሲገዙ ዋጋው ያናድዳል፤ ላይት የሚባለውም ሦስት ኪሎ ስለማይሞላ ትከሻ ይመታል።

ዌዘርቢ ቫንጋርድ የአሜሪካ ስም ይዞ ጃፓን ውስጥ በሆዋ ፋብሪካ የተሠራ ጠመንጃ ነው። ሆዋ 1500 በራሱ ስም ሲሸጥም ብረቱ ያው ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን አስተያይተው የረከሰውን ይውሰዱ። ከቲካ ይከብዳል፤ በዚያው ልክ ርግጫው ይለዝባል። ለትከሻው የሚፈራ ሰው፣ ወይም ከማማ ላይ ተቀምጦ የሚያድን ሰው ቢጠይቀኝ የምመክረው ይህን ነው።

ቤርጋራ ቢ-14 ከስፔን ባስክ አገር ነው። መሠረቱ የታወቀውን የአሜሪካ ጠመንጃ የሬሚንግተን 700ን ቅርጽ ስለሚከተል ሰደፍና ምላጭ እንደ ልብ ይገኝለታል። በኋላ መቀያየር የሚወድ ሰው ካልሆኑ ይህ ጥቅም ብዙም አይደለም።

ሦስቱም ተገቢ ጥይት ከተሰጣቸው በ100 ያርድ ሦስት ጥይት በ1 ኢንች አካባቢ እንደሚያሳርፉ አምራቾቹ ቃል ይገባሉ። ያ ሦስት ጥይት መሆኑን አይርሱ።

ስለ ጥይቱ ዓይነት አላበዛም፦ አሁን የሚጠቀሙበትን አይለውጡ። ጓዳ ያለው ጥይት ይቀጥላል፣ የሚያውቁት ርግጫ ይቀጥላል። .308 (ከ1952 ጀምሮ)፣ .30-06 (ከ1906) እና 6.5 ክሪድሙር (ከ2007) በየሱቁ አሉ። .223 ይዘው ለአጋዘን ለመውጣት ያሰቡ ግን የስቴታቸውን ሕግ ይዩ፤ ቨርጂኒያ ለምሳሌ ለአጋዘን ውፍረቱ ከ.23 ኢንች በታች የሆነ ጥይት አትፈቅድም።

ስድስተኛ፣ ሱቅ ሄደው ይያዙት

ክረምት ላይ የሚለብሱትን ካፖርት ለብሰው ይሂዱ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሰደፉ በቲሸርት ልክ የሆነ ጠመንጃ በካፖርት ይረዝማል። ሻጩን አስፈቅደው፣ ባዶ መሆኑን አሳይቶዎት እርስዎም ካዩ በኋላ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ጠመንጃውን ወደ ትከሻዎ ያንሡት። ዓይንዎን ሲከፍቱ መነጽሩ ሙሉ ክብ ሆኖ ከታየዎት ልክዎ ነው። አንገት መምዘዝ ካስፈለገ አይደለም። አፈሙዙ የት እንደሚያይ አይርሱ፤ ሱቅ ውስጥ የሚቆሙት ሰዎችም ሰዎች ናቸው።

ሰባተኛ፣ ያገለገለ ከሆነ

እኔ የምወደው ይህን መንገድ ነው። ብዙ አዳኝ በዓመት ከሃያ ጥይት በላይ አይተኩስም፤ የአምስት ዓመት ጠመንጃ በርሜሉ ገና አዲስ ነው። ቦልቱን አውጥተው ከኋላ በባትሪ በርሜሉን ይዩ፤ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ዝገት ካለ ይተዉት። የአፈሙዙን ጫፍ ክብ ይዳስሱ፤ እዚያ ላይ የተፈለፈለ ነገር ጥይትን ያስታል። የብሎኖቹ ራስ የተላጠ ከሆነ ካቻቢቴ የማያውቅ ሰው ነካክቶታል። የመለያ ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ደግሞ ሳይከራከሩ ይሂዱ፤ እጅዎ ላይ መገኘቱ ብቻ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።

ስምንተኛ፣ ወረቀቱ

ይህ ክፍል ለእኛ ሰው ይበልጥ ይጠቅማል። ፈቃድ ካለው ሱቅ ሲገዙ ቅጽ 4473 ይሞላሉ፣ ማንነትዎም ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። «ወረቀት ስለሌለኝ በስምህ ግዛልኝ» የሚል ዘመድ ቢመጣ እምቢ ይበሉ፤ ለማይፈቀድለት ሰው በራስ ስም መግዛት እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ቅጹ ስለ አደንዛዥና አነቃቂ ዕፅም ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ የተከለከለ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ስለዚህ ያንን ጥያቄ ሲመልሱ «ጫት እኮ ቅጠል ነው» አይበሉ። ወደ አገር ቤት ይዞ መሄድም አይታሰብ፤ እዚህ የወጪ ፈቃድ፣ እዚያ ደግሞ የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 አለ።

ዘጠነኛ፣ የመጀመሪያው ቀን

አዲሱን በርሜል ከፋብሪካው ቅባት አጽድተው፣ መጀመሪያ በ25 ያርድ ወረቀቱን ማግኘት፣ ቀጥሎ በ100 ማስተካከል ነው። ሃያ ጥይት ከተኮሱ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና ይፈትሹ። ይህን ሁሉ በመስከረም ይጨርሱት። የአጋዘን ወቅት በኅዳር ነው፣ ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ እኔ ቤት የሚታደነው ሥጋ በቀጥታ ወደ ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል።

የድሮውን ለመሸጥ ስጠይቅ የሰጡኝ ዋጋ 180 ዶላር ነበር። መለስኩት። አሁን ዝናብ የሚዘንብ ቀን የሚወጣው እሱ ነው፣ አዲሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል።